ማሾ፦ ከሥሩ የተቀረጸውን ማንበብ

የዛሬው ክፍል ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ስለ መብራት። መብራት ስል በየሁለት ወሩ ቢል የሚመጣበትን ማለቴ አይደለም። በላምባ የሚሠራውን፣ በእጅ እየተነፋ የሚበራውን፣ ቤተሰቦቻችን "ማሾ" የሚሉትን ነው። እዚህ አገር ያሉ ሽማግሌዎች ደግሞ "ሉክስ" ይሉታል። ቃሉን ሰምታችሁ የማታውቁ ካላችሁ አይዟችሁ፣ እኔም እስከ ሁለት ዓመት በፊት ማሾ ማለት የሚበላ እህል ይመስለኝ ነበር።

ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ይቀላቅላቸዋል። አያቴ ሦስት መብራት ይቆጥራሉ። አንደኛው ኩራዝ ነው፤ ትንሽ ቆርቆሮ፣ መሐሉ ክር፣ ከላይ ጭስ። ሁለተኛው ፋኖስ፤ ብርጭቆ ያለው፣ ነፋስ የማያጠፋው፣ መያዣ ያለው። ሦስተኛው ማሾ። አንዳንድ ሰው ብርጭቆ ያለውን ሁሉ ማሾ ይላል፣ እኔ ግን ዛሬ የአያቴን አጠራር ነው የምከተለው፦ ማሾ ማለት የሚነፋው ነው። ኩራዝና ፋኖስ ክሩ እየነደደ ነው የሚያበሩት፤ ብርሃናቸው ቢጫ ነው፣ ከአንድ ገበታ አያልፍም። ማሾ ግን ነጭ ነው፤ ሲበራ "ሽሽሽ" እያለ ነው፣ ግቢውን በሙሉ ይሞላል። አያቴ ድምፁን አሁንም በአፋቸው ያሰሙታል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ማሾ ውስጥ ላምባው ፈሳሽ ሆኖ አይነድም። ከታች ያለው ጋን ውስጥ ላምባ ይሞላል፣ ጎኑ ላይ ባለው ፓምፕ አየር ይነፋል፣ ግፊቱ ላምባውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ያወጣዋል። ቱቦው አስቀድሞ በስፒርት እሳት እንዲግል ስለተደረገ ላምባው እዚያ ሲደርስ ይተንናል። ተኑ በጣም ጠባብ በሆነች ቀዳዳ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይነዳል። በዕብራይስጥ ይቺን ከረጢት "ሬሼት" ይሏታል፣ መረብ ማለት ነው፣ እኔም መረብ እላታለሁ። አንዴ ከበራ በኋላ ቱቦውን የሚያግለው የራሱ የመብራቱ ሙቀት ነው፤ ስፒርቱ ለመነሻ ብቻ ነው።

የነጩ ብርሃን ምስጢር መረቧ ናት። ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ የሚባል ኦስትሪያዊ ኬሚስት በ1885 የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ በ1891 ደግሞ እስካሁን የሚታወቀውን ውህድ አገኘ፦ ወደ 99 በመቶ የቶሪየም ኦክሳይድ፣ 1 በመቶ የሴሪየም ኦክሳይድ። ጨርቁ በነዚህ ጨዎች ይነከራል፣ መጀመሪያ ሲለኮስ ጨርቁ ተቃጥሎ ያልቃል፣ የሚቀረው የአመድ ቅርጽ ነው። ያ አመድ ነው ግሎ የሚያበራው። በጣት ብትነኩት ይፈርሳል። ስለ ቶሪየም በኋላ እመለሳለሁ፣ ቀልድ አይደለም።

በዚያው ዘመን፣ በ1892፣ ስዊድን ውስጥ ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት ጥላሸት የማያወጣ የላምባ ምድጃ ሠራ። ስሙን ታውቁታላችሁ፣ ፕሪሙስ። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ የስዊድኑን ግፊት ከኦስትሪያዊው መረብ ጋር ስታጋቡ ማሾ ይወለዳል። በዓለም ዙሪያ ያሰራጨው ግን የበርሊኑ ኤሪኽ ኡንድ ግሬትስ ፋብሪካ ነው። ከባለቤቶቹ አንዱ ማክስ ግሬትስ ነበር፤ ከ1910 ገደማ ጀምሮ የሠራውን መብራት "ፔትሮማክስ" አለው። "ፔትሮ" ከፔትሮሊየም፣ "ማክስ" ከራሱ ስም። ሰውዬው ሀፍረት አልነበረውም ማለት ነው። መብራቱ ግን ግሩም ስለነበር ከአፍሪካ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ሄደ፤ ዛሬም የቻይናና የሕንድ ፋብሪካዎች ይገለብጡታል።

ወደ እኛ እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኤሌክትሪክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው የተጀመረው። ግን ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ገጠር እስኪደርስ ስንት ዘመን ፈጀ! ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ የተሠራው በ1964 ነው፤ በዋናነት ለባሕር ዳር ነበር። ከዚያ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ጎንደር ዙሪያ ያሉት የእኛ መንደሮች ግን ለእስራኤል እስከተነሡበት ቀን ድረስ በኩራዝ ነው የኖሩት። ወለቃ፣ አምቦቤር፣ ሌሎቹም። ማሾ ደግሞ በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። ውድ ነው፣ ላምባ ይበላል፣ መረቡ ከገበያ ይመጣል። የጅቡቲ ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎች እንዲህ ያሉትን ዕቃዎች ወደ መሐል አገር ማስገባቱ ቀለላቸው፤ ወደ ጎንደር ደግሞ በአሥመራና በመተማ በኩልም መንገድ ነበረ። ማሾ የነጋዴ ሱቅ፣ የጠጅ ቤት፣ የትምህርት ቤት ዕቃ ሆነ። ገጠሬው ማሾ የሚያየው ሠርግ ሲኖር ነው። ዳስ ይጣላል፣ አንድ ማሾ ካለው ሰው ይለመናል፣ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፣ አንድ ወጣት ሌሊቱን ሙሉ እየነፋ እንዲጠብቀው ይመደባል። አያቴ "ድምፁን ስሰማ ሠርግ ይሸተኛል" ያሉት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ፣ ከመብራቱ ታሪክ ወጣ ይላል ግን የእኛ ነው። ቤተ እስራኤል ዓርብ ማታ መብራት አያበራም ነበር። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት እሳቱ ይጠፋል፣ ምግቡ ቀዝቅዞ ይበላል፣ ቤተሰቡ ጨለማ ውስጥ ሰንበትን ይቀበላል። ኦሪት በሰንበት እሳት አታንድዱ ስትል አባቶቻችን ቃሉን እንዳለ ነው የያዙት። ረቢዎቹ ደግሞ ተቃራኒውን ወሰኑ፦ ከሰንበት በፊት የተለኮሰ መብራት ሰንበትን ያከብራል አሉ። እንዲያውም በታልሙድ ስለ መብራት ዘይት ረጅም ክርክር አለ። ረቢ ታርፎን ከወይራ ዘይት በቀር አይፈቀድም ሲል፣ ረቢ ዮሐናን ቤን ኑሪ ተነሥቶ የየአገሩን ዘይት እየጠራ ይሞግተዋል፤ ከሁሉ መጨረሻ ኔፍት ብቻ ያላቸውን የቀጰዶቅያ ሰዎች ያነሣል። ኔፍት! ያው ላምባ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ሣቅሁ፣ ከዚያ ግን አሰብኩበት። ልጅ ሆኜ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ "እናንተ ሰንበት ሻማ አታበሩም ነበር አሉ" ሲሉኝ እንደ ድንቁርና ነበር የሚያወሩት። ጨለማ ውስጥ መቀመጥ መብራት የማጣት ጉዳይ ብቻ መስሏቸው ነው። ማሾ ያለው ቤት እንኳ ዓርብ ማታ ማሾውን አያበራም ነበር። ምርጫ ነው፣ ሕግ ነው፣ ለዘመናት የተጠበቀ ሕግ።

ታዲያ እነዚያ ማሾዎች የት ገቡ? አልመጡም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሱዳን የሄዱት ቀን ተደብቀው ሌሊት ነው የተጓዙት፤ ብርሃን ማለት መያዝ ማለት ነበር። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲመጣ ደግሞ ሻንጣ እንኳ አልተፈቀደም፤ ሰው የለበሰውን ለብሶ ነው አውሮፕላን የገባው። ስለዚህ እኛ ቤት አሮጌ ማሾ የለም። እናንተም ቤት እንደማይኖር እገምታለሁ። ይህን ታሪክ በእጄ ይዤ ለመመርመር የሌላ ሰው መብራት አስፈለገኝ።

እሱም ከጎረቤት መጣ። ሮሽ ሃዓይን ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ አሮጌው ሰፈር የየመኖች ነው። እዚህ ቦታ ላይ በመጀመሪያ የእንግሊዞች የጦር ሰፈር ነበር። እንግሊዞች በ1948 ሲወጡ ቦታው ባዶ ቀረ፣ ከ1949 እስከ 1950 "በንስር ክንፍ" በተባለው ዘመቻ ወደ 49,000 የሚሆኑ የየመን አይሁዶች ከኤደን በአውሮፕላን ሲመጡ ብዙዎቹ እዚህ ድንኳን ውስጥ ገቡ። ድንኳኖቹ ቀስ በቀስ ሰፈር ሆኑ፣ ሰፈሩ በ1994 ከተማ ተባለ። አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ፦ ከዚሁ ከያርኮን ምንጭ በ1955 እስከ ኔጌቭ የሚደርስ የውኃ መስመር ተዘርግቷል፣ ግን በማዓባራዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ብዙ ሰው ማታ ማታ የሚያየው በላምባ ነበር። ለመብራት ፋኖስ፣ ለማብሰያ ፕሪሙስና ፕቲሊያ፤ የኔፍት ሻጭ በጋሪ ደወል እየመታ ያልፋል።

ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ "ሳቭታ" የሚላቸው፣ ድንኳን ውስጥ ያደጉ ናቸው። አንድ ቀን እኔና አያቴ በራቸው ላይ ቡና ስንጠጣ (የአያቴን ቡና ማለቴ ነው፣ ሳቭታ ደግሞ ሂልበ ያቀርባሉ፣ ጥምረቱን አትጠይቁኝ) ከመጋዘን የተቀበረ ነገር አወጡ። ዝገትና አቧራ ብቻ። "ይሄ ሉክስ ይሠራል?" አሉኝ። አያቴ አዩትና "ማሾ!" አሉ። ሁለቱም "የእኛ አገር መብራት ነው" ብለው ተከራከሩ። መልሱ የሁለቱም አይደለም፤ ጀርመን ነው። እሱን ግን ያወቅሁት በኋላ ነው።

እሺ፣ አሁን የሥራው ክፍል። አንድ አሮጌ ማሾ ስታገኙ እጃችሁ መጀመሪያ ወደ ማጽጃ ይሄዳል። ተዉ። መጀመሪያ አንብቡት። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ጋኑ ላይ ተቀርጿል፤ ወይ ከፊት፣ ወይ ከሥር፣ ወይ ከላይ ክዳኑ ዙሪያ። ዝገቱ ከበዛ ባትሪ ይዛችሁ መብራቱን በጎን አብሩበት፤ ከፊት ለፊት የማይታይ ፊደል በጎን ብርሃን ጥላ ሠርቶ ይወጣል። ስልክ አንሡና ፎቶ አንሡ። ጠንክሮ መወልወል ፊደሉን ሊበላው ይችላል፣ እሱ ከጠፋ ታሪኩ ጠፋ።

ከስሙ ቀጥሎ ቁጥሩ ነው። ፔትሮማክስ ለምሳሌ በጣም የታወቀው 829 ቁጥር ነው፣ 500 ተብሎ ይጻፍበታል። 500ው በአሮጌው የጀርመን የሻማ ኃይል መለኪያ ነው። እንግሊዝ ሠራሽ ከሆነ "ቲሊ" የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ኤክስ 246 የሚባለው ከ1946 በኋላ የወጣ ነው። "ቫፓሉክስ" ካለ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይጠቀምበት ነበር፤ እንደ ሮሽ ሃዓይን ያለ የቀድሞ የጦር ሰፈር አካባቢ ቢገኝ አይገርምም። የአሜሪካው ኮልማን ለሰነፍ የተሠራ ነው፦ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ባሉት ብዙዎቹ ከሥር ወርና ዓመት ተመትቶበታል። "አንከር" ወይም "ቢራቢሮ" ከሆነ የፔትሮማክስ ቅጂ ነው።

ሁለተኛ፣ ማግኔት። የማቀዝቀዣ ማግኔት ይበቃል። ጋኑ ላይ ካልተጣበቀ ናስ ነው፣ ከተጣበቀ ብረት። ሦስተኛ፣ ሽፋኑ። ኒኬል ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሞቅ ያለ ነው፤ ክሮም ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ቀዝቃዛ ነው። ብዙ ጊዜ ኒኬሉ ይቀድማል።

የሳቭታን መብራት ገልብጬ በጎን ብርሃን ሳየው ፊደሎቹ ወጡ። አምስት ናቸው። ሃሳግ። ላይፕዚግ።

(አጭር ዝምታ)

ይህ ስም ለማንም ምንም ላይነግር ይችላል፤ ሾአን ያጠና ሰው ግን ይደነግጣል። ሃሳግ ማለት ሁጎ ሽናይደር አክሲዮን ማኅበር ነው። ሥሩ በ1863 ላይፕዚግ ውስጥ የተቋቋመ የመብራት ፋብሪካ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት የሠራው ፋኖስና ማሾ ነው። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን ለጀርመን ጦር ማምረት ጀመረ። በጦርነቱ ጊዜ በተያዘችው ፖላንድ በስካርዢስኮ ካሚየና፣ በቼንስቶኾቫና በሌሎች ቦታዎች የጥይት ፋብሪካዎችን ይዞ በሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዶችን በባርነት አሠራ። በስካርዢስኮ ከ1942 እስከ 1944 ብዙ ሺህ ሰው ሞቷል፤ በረሃብ፣ በታይፎስ፣ በጥይት፣ በመርዝ። አንደኛው ክፍል ውስጥ ፒክሪክ አሲድ የሚነኩ እስረኞች ቆዳቸው ቢጫ ይሆን ነበር። ከዚያ ተርፋ እስራኤል የመጣችው የታሪክ ተመራማሪ ፌሊጺያ ካራይ ስለዚያ ካምፕ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፋለች። በነገራችን ላይ የበርሊኑ የፔትሮማክስ ፋብሪካም ንጹሕ አይደለም፤ በጦርነቱ ጊዜ አይሁዶች በግዳጅ ሠርተውበታል፣ ብዙዎቹም በኋላ ተግዘዋል።

እንግዲህ የመብራቱን ዕድሜ ማወቅ የሰብሳቢ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ይህን ዕቃ የሠራው ደመወዝተኛ ነው ወይስ እስረኛ? ፊደሉ ብቻ አይመልስም። ማግኔቱ ግን ረዳኝ። አልተጣበቀም። ጋኑ ናስ ነው፣ በኒኬል የተሸፈነ። ጀርመን ጦርነቱ ሲጀምር ናስ ለጥይት ቀለሃ ነበር የሚፈለገው፤ በዚያ ጊዜ የወጡ የጀርመን ማሾዎች በብዛት ብረት ናቸው፣ ቀለም የተቀቡ። የሳቭታ መብራት የተሠራው ከዚያ በፊት ነው ማለት ሚዛን የሚደፋ ግምት ነው፤ 1930ዎቹ ብዬ ጻፍኩ። እንዴት እዚህ አገር ደረሰ? የሳቭታ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ያፎ ከሹክ ሃፒሽፔሺም ነው የገዙት፣ አሮጌ ሆኖ። ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ብዙ ሊሆን ይችላል። አንዱን ልጥቀስ፦ በነሐሴ 1933 የተፈረመው የሃዓቫራ ስምምነት። ከጀርመን የሚወጡ አይሁዶች ገንዘባቸውን በጥሬው ማውጣት ስለማይችሉ፣ በዚያ ገንዘብ የጀርመን ዕቃ ተገዝቶ ወደዚህ ይመጣና እዚህ ተሽጦ ገንዘቡ ይሰጣቸው ነበር። በዚያን ጊዜም ይሹቩን ለሁለት የከፈለ ነገር ነው፤ ግማሹ ነፍስ ማዳን ነው አለ፣ ግማሹ ከሂትለር ጋር መነገድ ነው አለ። እስከ 1939 ድረስ ብዙ የጀርመን ዕቃ በዚህ መንገድ ገባ። ያ ማሾ ከነዚያ አንዱ ቢሆን ለአንድ ቤተሰብ መውጫ ትኬት ነበር ማለት ነው።

ለሳቭታ ልንገር ወይስ አልንገር? ሁለት ሳምንት አሰብኩ። አያቴን ጠየቅሁ። አያቴ ስለ ሾአ ብዙ አያውቁም፣ ነገር ግን ነገሩን ሳስረዳቸው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ "ዕቃው የእሷ አይደለም እንዴ?" ነው። የእሷ ከሆነ እሷ ትወቅ ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው። ሳቭታ ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ከዚያ ስለ ፋብሪካው ሳይሆን ስለ መብራቱ ነው ያወሩት፤ ባላቸው በዚህ መብራት ሥር ልጆቹን ኦሪት ያስተምሩ እንደነበር፣ አንድ መጽሐፍ ብቻ ስለነበር በአራቱም ማዕዘን ተቀምጠው ስለሚያነቡ አንደኛው ልጅ ፊደል ተገልብጦ ማንበብ እንደለመደ። (የየመኖች ልማድ ነው፣ ሌሎችም ይናገሩታል።) በመጨረሻ "አስተካክለው። ግን ያወቅኸውን ሁሉ ለልጆቼ ጻፍላቸው" አሉኝ።

ስለዚህ አስተካከልኩት። ሥራው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ አሮጌው መረብ። ቀደም ብዬ ቶሪየም ብያለሁ፤ ቶሪየም ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነው። አዲሶቹ ብዙዎቹ በኢትሪየም ስለሚሠሩ ችግር የለባቸውም፣ የአሮጌው አመድ ግን ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ጓንትና ማስክ፣ በውኃ ማርጠብ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር። መንፋት የለም፣ በደረቁ መጥረግ የለም።

ቀጥሎ መፍታት። ከላይ ወደ ታች፦ ቆቡ፣ የውስጥ ጭስ ማውጫው፣ ብርጭቆው፣ ቱቦው። እያንዳንዱን ስትፈቱ ፎቶ። የማይፈታ ብሎን ካለ በጉልበት አትታገሉ፤ ዘይት ጠብ አድርጉና እስከ ነገ ተዉት። ናስ ለስላሳ ነው፣ ጥርሱ ከተበላ አለቀ።

የጋኑ ውስጥ ለብዙ ዓመት የቆየ ላምባ ደርቆ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ስፒርት ጨምሮ ማንቀጥቀጥ ብዙውን ያወጣል። ለቀረው ቆሻሻና ዝገት ከማኮሌት የሚገዛው ሜላሕ ሊሞን በሞቀ ውኃ ይበቃል። ግን ሰዓት ያዙ፣ ረስታችሁ ካደራችሁ ናሱ ወደ ሮዝ ይለወጣል።

የማሾ ልብ ፓምፑ ነው። ጫፉ ላይ እንደ ትንሽ ሳህን የሆነች ቆዳ አለች፤ ስትደርቅ አየር አትይዝም፣ ሰው ሁሉ "ተበላሽቷል" ብሎ የሚጥለው በእሷ ምክንያት ነው። ሌሊቱን ዘይት ውስጥ አሳድሯት፣ በጣት ዘርጓት፣ አበቃ። ይህንን ስሠራ አያቴ አጠገቤ ቁጭ ብለው ነበር፣ "አባቴ ከአሮጌ ጫማ ቆርጦ ነው የሚሠራት፣ በሞራ ያርሳታል" አሉ። አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር፣ የሰው ማሾ ሲበላሽም ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። እዚያ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ እስራኤላዊ ቀን ቀን ማረሻ ይታዘዛል፣ ማታ "ቡዳ" ይባላል፤ ማሾውን የሚያመጡለትም እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው። ይህን ታሪክ ከአያቴ የሰማሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አንዲት የቆዳ ሳህን እጄ ላይ ስላለች። ከዚያ በፊት ስለ አባታቸው ሙያ ጠይቄ "ገበሬ" ነበር ያሉኝ።

ከፓምፑ ሥር አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ትንሽ ጎማ አለ፤ ደርቆ ከሆነ ይቀየራል። የእርሳስ ቀለበቶቹም እንዲሁ፤ አንዴ የተጨፈለቀ እርሳስ ሁለተኛ አይዘጋም። የጠባቧን ቀዳዳ መርፌ በሩቅ አትጠምዝዙ፣ ከተሰበረ ሌላ መፈለግ ነው።

ከዚያ ላምባ ሳትጨምሩ ሞክሩት። ጋኑን ዝጉ፣ ትንሽ ንፉ፣ ባልዲ ውኃ ውስጥ አስገቡ። አረፋ የወጣበት ቦታ ያፈሳል። የሚያፈስ ማሾ አይለኮስም፣ በዚህ ድርድር የለም። እንዲሁም ለላምባ የተሠራ ማሾ ውስጥ ቤንዚን አይገባም፤ ቦምብ ነው። ኮልማኖች ብዙዎቹ ለቤንዚን የተሠሩ ስለሆኑ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ለዚህም ነው መጀመሪያ ስሙን አንብቡ ያልኩት። በተዘጋ ክፍልም አይበራም፤ ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ።

(የፓምፕ ድምፅ)

ይህ እሱ ነው። በሐሙስ ማታ በሳቭታ ግቢ ነው የቀዳሁት። አዲስ መረብ አስረን አቃጠልናት፣ ነጭ አመድ ሆነች። ስፒርቱን ለኮስኩ፣ አልቆ ሊጠፋ ሲል ቀስ ብዬ ከፈትኩ።

(የማሾ ድምፅ፣ ሽሽሽ)

የምትሰሙት ሴት ድምፅ የአያቴ ነው፣ እልል ያሉት። ሳቭታም የየመን እልልታቸውን ጨመሩበት፣ ጎረቤት ሁሉ በመስኮት ወጣ። አንዱ የፎቅ ልጅ "ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ስለ ሰንበት ተከራከሩ። ሳቭታ ዓርብ ከፀሐይ በፊት ለኩሰው ይተዉት እንደነበር፣ ግፊቱ እየቀነሰ እኩለ ሌሊት ገደማ ደክሞ እንደሚጠፋ፣ መንፋት ስለማይቻል ሁሉም በዚያው እንደሚተኛ ነገሩን። አያቴ "ታዲያ ዞሮ ዞሮ ጨለማ ውስጥ አይደላችሁም እንዴ" አሏቸው።

መብራቱ አሁን ሳቭታ ቤት፣ መደርደሪያ ላይ ነው። ቃል የገባሁትን ወረቀት በዕብራይስጥ ጽፌ ቆቡ ሥር አስገብቻለሁ፦ ሃሳግ፣ ላይፕዚግ። ናስ፣ ኒኬል፣ 1930ዎቹ ሳይሆን አይቀርም። ፋብሪካው ከ1942 እስከ 1945 ምን እንዳደረገ። ያፎ ማን እንደገዛው። ሥሩ ማን ማንበብ እንደተማረ። የፓምፑ ቆዳ የተቀየረበት ቀን።

እናንተ ቤት ወይም ጎረቤት እንዲህ ያለ መብራት ካለ ከሥሩ ያለውን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናነበዋለን። ሳትወለውሉት።